«አክተሩ ማን ነው?» የሎስ አንጀለሱን የአካዳሚ ፊልም ሙዚየም ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ

ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ዙሪያዋን በቆርቆሮ የተመታች አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቀን የአሜሪካ ፊልም ስናይ፣ ዘግይቶ የገባ ልጅ ሁሉ ገና ቦታ ሳይዝ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «አክተሩ ማን ነው?» ጥያቄው ለአፍ ቀላል ቢሆንም ብዙ ነገር የሚወስን ነበር። አክተሩ ከታወቀ ማን እስከ መጨረሻው እንደማይሞት፣ ማን ቢሞት ደግሞ እንደማይታዘንለት፣ ለማን ማጨብጨብ እንደሚገባ ሁሉ አብሮ ይታወቃል። እንግሊዝኛውን አንሰማም፤ ታሪኩ በየትኛው አገር እንደሚፈጸም አብዛኞቻችን አናውቅም፤ ሆኖም ካሜራው ማንን እንደሚከተል እናይ ስለነበር ልባችንም እርሱኑ ተከትሎ ይሄድ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ እንጨት ጠመንጃ እናደርግና ያየነውን ጦርነት በሰፈራችን ሜዳ ላይ እንደገና እንዋጋዋለን።

ይህን ትዝታ ያስቀደምኩት፣ በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን የአካዳሚ ፊልም ሙዚየም ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ ስወጣ ሁለቱንም ጊዜ በአእምሮዬ ሲመላለስ የነበረው ያ የልጅነት ጥያቄ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ሲኒማ የአገሩን ኅብረተሰብ እንደ መስታወት ያሳያል ይባላል፤ መልሶም ይቀርጸዋል ይባላል። ሁለቱም እውነት መሆኑን ማንም ይስማማል። እንዴት እንደሚሆን በዓይን የሚያሳይ ቦታ ግን ብዙ አይገኝም። ይህ ሙዚየም ያንን የሚያሳይ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሳየውም በጣም በሚያብለጨልጩት ክፍሎቹ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙዚየሙ የሚገኘው ዊልሸር ቡሌቫርድ ከፌርፋክስ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። ዋናው ሕንፃ በ1939 ሜይ ካምፓኒ ለተባለ የገበያ መደብር የተሠራ ሲሆን፣ ማዕዘኑ ላይ የቆመው በወርቃማ ሞዛይክ የተለበጠው ክብ ዓምድ ከሩቅ ይታያል። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሬንዞ ፒያኖ አሮጌውን ሕንፃ አድሶ፣ ከኋላው ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ ግዙፍ ኳስ የሚመስል አዲስ ሕንፃ ጨመረበት። በኳሱ ውስጥ 1,000 መቀመጫ ያለው ዴቪድ ጌፈን ቲያትር አለ፤ ከእርሱ በላይ ደግሞ በመስታወት ጉልላት የተሸፈነ ሰገነት አለ፤ አየሩ ጥርት ባለ ቀን ከዚያ ላይ የሆሊውድ ኮረብቶች ከነዝነኛው ጽሑፋቸው ይታያሉ። ሙዚየሙ ለሕዝብ የተከፈተው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ነው። ባለቤቱ በ1927 የተመሠረተውና የኦስካርን ሽልማት በየዓመቱ የሚሰጠው አካዳሚ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ጎብኚው በልቡ ይዞ እንዲገባ እመክራለሁ፤ የሚጎበኘው ሸላሚው ራሱ ስለ ራሱ ታሪክ ያቆመው ቤት ነውና።

በሄድኩባቸው ጊዜያት የመግቢያው ዋጋ ለአዋቂ 25 ዶላር፣ ለተማሪ 15 ዶላር ሲሆን፣ 17 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች በነፃ ነበር። ማክሰኞ ዝግ ነው። በቲያትሮቹ ለሚታዩ ፊልሞች ትኬቱ ለብቻው ይገዛል። በጥድፊያ ለሚያይ ሰው ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፤ በግድግዳ ላይ የተጻፈውን እያነበበ ለሚሄድ ሰው ግን ግማሽ ቀንም ያንሰዋል። እኔ የምኖረው በዋሽንግተን አካባቢ ስለሆነ፣ ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት በሎስ አንጀለስ የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ በተጓዝኩበት ወቅት፣ እዚያው ተወልዳ ያደገችውን ልጇን አስከትዬ ነው። መጀመሪያ በ2022 መከር ስንሄድ 12 ዓመቷ ነበር፤ በ2024 ደግሞ 14።

አብዛኛው ሰው ሊያያቸው የሚመጣቸው ዕቃዎች አሉ፤ በእነርሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከ1939ኙ «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም የተረፉት ቀያይ ጫማዎች በደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ያበራሉ፤ ሰዎችም ከፊታቸው ቆመው ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ከተንቀሳቃሽ ደረጃው በላይ ደግሞ «ጆውስ» ከተባለው የ1975 ፊልም ቅርጽ የወጣ፣ 25 ጫማ ርዝመት ያለው የሻርክ ሞዴል ተሰቅሏል። የእህቴ ልጅ በዚህኛው እጅግ ተደሰተች። እኔ ግን ስለ ሻርኩ የማስበው ሌላ ነገር ነበር፤ የፊልሙ ዳይሬክተር ስቲቨን ስፒልበርግ ከፊልሙ በኋላ በሻርኮች ላይ ለደረሰው ጭፍጨፋ እስከ ዛሬ እንደሚጸጸት በ2022 ተናግሯል። ሰው በባሕር ላይ ያለው ፍርሃት በአንድ በጋ ወቅት፣ በአንድ ፊልምና በሁለት የሙዚቃ ድምፆች ተለወጠ። ፊልም ስለ አንድ ፍጡር ያለንን ስሜት ይህን ያህል መለወጥ ከቻለ፣ ስለ አንድ የሰው ወገን ያለንን ስሜት ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለዚህ መልሱ ያለው በጥቂት ሜትሮች ርቀት፣ ስለ ሜካፕና ስለ አልባሳት በተዘጋጀው ክፍል ውስጥ ነው። ሙዚየሙ እዚያ የጥበቡን ድንቅነት ሲያሳይ ከጎኑ ነውሩንም አልደበቀም፤ ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን አጥቁረው ጥቁሮችን ለማላገጥ፣ ዓይናቸውን በፕላስተር ስበው እስያውያንን ለመምሰል የተጠቀሙበት ሜካፕም የዚያው የጥበብ ታሪክ አካል እንደሆነ ይናገራል። ይህን ሳነብ በሎስ አንጀለስ ከቻይናውያን ቤተሰብ የተወለደችው አና ሜይ ዎንግ ትዝ አለችኝ። በ1937 ስለ ቻይና ገበሬዎች በተሠራው «ዘ ጉድ ኧርዝ» በተባለው ትልቅ ፊልም ውስጥ የሚስትነቱን ቦታ ለማግኘት ብትመኝም፣ ቦታው የተሰጠው ለነጯ ተዋናይት ለሉዊዝ ሬይነር ነበር፤ ሬይነርም በዚያው ሚና ኦስካር ወሰደች። የባልየው ሚና አስቀድሞ ለነጭ ተዋናይ ተሰጥቶ ነበር፤ በጊዜው የነበረው የፊልም ደንብ ደግሞ የተለያየ ዘር ያላቸው ጥንዶች በፍቅር ተጣምረው እንዲታዩ አይፈቅድም ነበር። እንግዲህ አንዲት ቻይናዊ ሴት በፊልም ላይ እንድትታይ ተፈልጎ፣ እውነተኛዋ ቻይናዊት ልጅ እንዳትታይ ተከለከለች ማለት ነው።

ይህ ደንብ በ1930 ወጥቶ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተሠራበት፣ በ1968 በዕድሜ ደረጃ አሰጣጥ እስኪተካ ድረስ የቆየ ነው። የጻፉት የፊልም ኩባንያዎቹ ራሳቸውና አማካሪዎቻቸው እንጂ መንግሥት አልነበረም። ሲኒማ መስታወት ነው የሚለውን አባባል እንዳለ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ከተሞች በጥቁርና በነጭ፣ በእስያዊና በነጭ መካከል ፍቅርም ትዳርም ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ግን በዋናዎቹ ስቱዲዮዎች ፊልም ላይ ይህ እንዳይታይ ተከልክሎ ነበር። መስታወት ከፊቱ የቆመውን መርጦ አያሳይም፤ ይህኛው ግን ይመርጥ ነበር። ያላሳየውን ነገር ደግሞ ተመልካቹ በዓለም ላይ እንደሌለ፣ ካለም መኖር እንደማይገባው አድርጎ ይይዘዋል።

በመጀመሪያው ጉብኝታችን ለረጅም ጊዜ የቆምነው በኦስካር ሽልማቶች ክፍል ውስጥ ነበር። ክቡ ክፍል በወርቃማ ብርሃን ተሞልቷል፤ ከልዩ ልዩ ዘመናት የተሰበሰቡ ሽልማቶች በየመስታወት ሣጥናቸው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱ ሣጥን ግን ባዶ ነበር። የእህቴ ልጅ «ተሰርቆ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የጠፋው የሃቲ ማክዳንየል ሽልማት ነበር።

ሃቲ ማክዳንየል ኦስካር ለማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ናት። ያገኘችው በ1939 በወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ውስጥ የባሪያ ሞግዚት ሆና በመተወኗ ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በአትላንታ ሲመረቅ፣ በጆርጂያ በነበረው የዘር መለያየት ምክንያት እርሷ አልተገኘችም። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 ሽልማቱ የተሰጠበት አምባሳደር ሆቴልም ጥቁሮችን አያስተናግድም ነበርና፣ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ለእርሷ ማስፈቀድ ነበረበት፤ ገብታም የተቀመጠችው ከፊልሙ ባልደረቦቿ ጋር ሳይሆን ለብቻ በተዘጋጀላት ጠረጴዛ ላይ ነበር። በ1952 ከማረፏ በፊት በሆሊውድ መቃብር እንድትቀበር ብትጠይቅም መቃብሩ ለነጮች ብቻ ስለነበር አልተፈቀደላትም። ለረዳት ተዋንያን በዚያ ዘመን ይሰጥ የነበረውን የሽልማት ሰሌዳዋን ግን በዋሽንግተን ለሚገኘው ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘች፤ እዚያ ከቆየ በኋላ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ጠፋ። አካዳሚው ምትኩን ሠርቶ ለዩኒቨርሲቲው ያስረከበው በ2023 ኦክቶበር ነው። ከእርሷ በኋላ ሌላ ጥቁር ሴት በትወና ኦስካር እስክታገኝ ድረስ 51 ዓመት አልፏል፤ ያገኘችውም በ1991 ሁፒ ጎልድበርግ ናት።

ይህን ሁሉ የማወራው አዲስ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ ያ ባዶ ሣጥን በሙዚየሙ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ በላይ እውነት የሚናገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ክፍሉን ያዘጋጀው ሰው ባዶውን ሊዘለው ይችል ነበር፤ ቦታውን በሌላ ሽልማት መሙላትም ይቻል ነበር። ባዶ ሆኖ እንዲታይ በመደረጉ ግን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቆማ እንድትጠይቅ ሆነች። ሌላም ነገር አለ። አምባሳደር ሆቴል ይገኝ የነበረው በዚሁ በዊልሸር ቡሌቫርድ ላይ፣ ከሙዚየሙ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ማይሎች ርቆ ነው፤ ሙዚየሙ ያረፈበት ሕንፃም የተሠራው ያ ፊልም በወጣበት በ1939 ነው። ታሪኩ የሚተረክበት ቤትና ታሪኩ የተፈጸመበት ቤት በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ።

በዚያው ጉብኝት ያየነው ሁለተኛው ነገር «ሪጀነሬሽን» የተባለው፣ ከ1898 እስከ 1971 ያለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሲኒማ የሚያሳየው ጊዜያዊ ዐውደ ርዕይ ነበር። ዛሬ በሙዚየሙ ውስጥ የለም፤ ነገር ግን ሙዚየሙ ምን መሥራት እንደሚችል ለመመዘን ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ ስለሌለኝ አልዘለውም። መግቢያው ላይ ይታይ የነበረው በ1898 የተቀረጸ፣ አንድ ጥቁር ወንድና አንዲት ጥቁር ሴት እየሳቁ የሚሳሳሙበት አጭር ፊልም ነው። ከደቂቃ ያነሰ ነው፤ ድምፅ የለውም። ለረጅም ዘመን ተረስቶ ከቆየ በኋላ እንደገና የታወቀው በቅርብ ዓመታት ነው። ሁለቱ ሰዎች ይሳሳማሉ፣ ይለያያሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ እንደገና ይሳሳማሉ፤ ማንንም አያገለግሉም፤ ማንንም አያስቁም። ከዚያ በኋላ በመጡት ብዙ አሥርት ዓመታት የሆሊውድ ፊልም ለጥቁር ሰው የሰጠው ቦታ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር፣ ነገሩ ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላ መመለሱን ሰው በዓይኑ ያያል።

ለመመለሱ ትልቁን ድርሻ የያዘው የ1915ቱ «የአንድ ሕዝብ ልደት» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረውን የነጮች ቡድን፣ ኩ ክለክስ ክላንን፣ እንደ አዳኝ፣ ነፃ የወጡትን ጥቁሮች እንደ አውሬ አድርጎ አቀረበ፤ በዋይት ሐውስም ታየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት የፈረሰው ክላን በጆርጂያ በስቶን ማውንቴን ተራራ ላይ እንደገና ተመሠረተ፤ መስራቹም የፊልሙን መምጣት አባል ለመመልመል ተጠቀመበት። የመጀመሪያው ክላን መስቀል የማቃጠል ልማድ አልነበረውም፤ ከልብ ወለድና ከፊልም የተወሰደ ነው። ሰዎች ከፊልም ያዩትን ሥርዓት ወስደው በእውነተኛ ሰዎች ደጃፍ ላይ አቃጠሉት። የአሜሪካ ሲኒማ ኅብረተሰቡን ይቀርጻል ሲባል ነገሩ ረቂቅ ለሚመስለው ሰው ከዚህ የበለጠ ግዙፍ ምሳሌ አላውቅም።

መልስ የሰጡ ግን ነበሩ። ኦስካር ሚሾ የተባለው ጥቁር ፊልም ሠሪ በ1919 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን አወጣ፤ በ1920 ደግሞ ነጮች በጥቁሮች ላይ የሚፈጽሙትን የስቅላት ግድያ ያሳየበትን ፊልም ሠራ። ለጥቁር ተመልካች ተብለው በትንሽ ገንዘብ በተሠሩት በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ጥቁር ሰው ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሽፍታ፣ ፈረሰኛ፣ አፍቃሪ ነበር። ብዙዎቹ ፊልሞች ጠፍተዋል። ዐውደ ርዕዩ ፖስተሮቻቸውን ሰብስቦ አሰልፏቸው ነበር፤ ከአንድ ፊልም የቀረው ፖስተሩ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ ስለማናውቀው ተዋናይ ፊት ሰው ምን ያህል ሊያዝን እንደሚችል እዚያ ቆሜ ተረዳሁ።

በ2024 የተመለስነው «ሆሊውድላንድ» የተባለውን፣ ስቱዲዮዎቹን ስለ መሠረቱት አይሁዶች የሚናገረውን አዲሱን ክፍል ለማየት ነው። በዚያው ዓመት ሜይ ወር የተከፈተ ሲሆን፣ በሙዚየሙ ውስጥ ቋሚ ተብሎ የተዘጋጀ ዐውደ ርዕይ ነው። አመጣጡ ራሱ ታሪክ አለው። ሙዚየሙ በ2021 ሲከፈት፣ ያለ እነርሱ ሆሊውድ ሊኖር የማይችለው ሰዎች በቂ ቦታ አላገኙም የሚል ብርቱ ወቀሳ ቀርቦ ነበር፤ ይህ ክፍል የዚያ ወቀሳ መልስ ነው። ሲከፈት ደግሞ መሥራቾቹ የተገለጹበት ቃል ክፉ ጎናቸውን ያጋነነ ነው የሚል ሁለተኛ ወቀሳ መጣ፤ ሙዚየሙም አንዳንድ ጽሑፎችን አሻሽሏል። በዚህ ክርክር ውስጥ ያለኝን አስተያየት ልናገር፤ ወቀሳው ተገቢ ነበር፤ ወቀሳ ሲቀርብለት የሚያርም ሙዚየምም ሊከበር ይገባዋል።

ክፍሉ ትንሽ ነው። በመሃል ባለው የከተማው ቅርጽ ላይ ብርሃን እየወረደ፣ ባዶ የነበረው የሎስ አንጀለስ መሬት እንዴት በስቱዲዮ እንደተሞላ ያሳያል። የሰዎቹ ታሪክ ግን ከክፍሉ ይሰፋል። ካርል ሌምሊ ከጀርመን መጥቶ በ1912 ዩኒቨርሳልን መሠረተ፤ አዶልፍ ዙኮርና ዊሊያም ፎክስ የተወለዱት በሃንጋሪ ነው፤ የዋርነር ወንድማማቾች ቤተሰብ ከፖላንድ የመጣ ነው። ብዙ የተከበሩ የሥራ በሮች ለአይሁዳዊ ስደተኛ በተዘጉበት ዘመን፣ የተከበረ ሰው የሚንቀው ይህ አዲስ ሥራ ክፍት ሆኖ አገኙት። ገብተውም ለዓለም ሁሉ «አሜሪካ ይህ ነው» የሚል ሥዕል ሠሩ፤ ነጭ አጥር ያለው ቤት፣ በደስታ የሚጠናቀቅ ፍቅር፣ ማንም ከየትም ተነሥቶ የሚደርስበት ክብር። በሥዕሉ ውስጥ ራሳቸውን ግን እምብዛም አላስገቡም፤ ብዙ አይሁዳውያን ተዋንያንም ስማቸውን ለውጠው ነው የታዩት። እኔ ስደተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው። ከደጅ የቆመ ሰው የቤቱን ውስጥ ከባለቤቱ አስበልጦ አስውቦ ሊሥለው ይችላል። ይኸው ሰው ደግሞ ሥዕሉን ሲሠራ ጥቁሩን ወጥ ቤት፣ እስያዊውን ተንኮለኛ፣ ነባሩን የአገሩን ሰው ደግሞ በፈረስ ላይ ጮሆ የሚሞት አድርጎ አስቀረ። ሁለቱን እውነቶች አጠገብ ለአጠገብ ይዞ መቆም ከባድ ነው፤ ክፍሉ ይህን ለመሞከሩ አመሰግነዋለሁ።

ስለዚህ ሙዚየም ለአማርኛ አንባቢ ጽፎ ኢትዮጵያዊውን ፊልም ሠሪ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ሙዚየሙ በ2021 ሊከፈት ቀናት ሲቀሩት ባዘጋጀው የክብር ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠውን የቫንቴጅ ሽልማት የተቀበሉት እርሳቸው ናቸው፤ በመክፈቻው ወራትም የእርሳቸውና የጓዶቻቸው ፊልሞች በተከታታይ እዚያ ታይተዋል። የሆሊውድን አተራረክ በመተቸት ዕድሜያቸውን ላሳለፉ ሰው ይህ ሽልማት ከሆሊውድ ማኅበር እጅ መምጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በጎንደር ልጅነታቸው ስላዩአቸው የአሜሪካ ፊልሞች በአንድ ቃለ ምልልስ የተናገሩት ነገር አለ። ልጆቹ በጎንደር ተራሮች ላይ ካውቦይና ቀይ ሕንድ (የአሜሪካ ነባር ሰው) እየሆኑ ሲጫወቱ ሁሉም ካውቦይ መሆን ይፈልግ እንደነበር፣ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ እንዳልነበረ፣ በታርዛን ፊልምም አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲመጡበት ልጆቹ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮሁ እንደነበር ተርከዋል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት የቪዲዮ ቤታችንን አግዳሚ ወንበር አየሁት። በእኛ ዘመን ታርዛን ቀርቶ የቬትናም ጦርነት ፊልሞች መጥተው ነበር፤ እኛም በጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚጠብቀውን ቀጭን ገበሬ «ከኋላህ ነው!» እያልን ለአክተሩ እንጠቁም ነበር።

እርሳቸው በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው፣ ቀጥሎም እዚሁ ከተማ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ሊያጠኑ መጡ። ዩኒቨርሲቲው ከሙዚየሙ ወደ ምዕራብ ዊልሸርን ይዞ ለሚሄድ ሰው ከመንገዱ ብዙም የማይርቅ ነው። ከእነ ቻርልስ በርኔት ጋር የሎስ አንጀለስ ዐመፅ ተብሎ የሚጠራውን የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ንቅናቄ የፈጠሩት እዚያ ነው። በዋትስ ሰፈር ስለምትኖር አንዲት ድሃ እናት በሠሩት «ቡሽ ማማ» መግቢያ ላይ ፖሊሶች ሰዎችን በመንገድ ላይ አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል፤ ትዕይንቱ ትወና አይደለም፤ የሚፈተሹት የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው። ካሜራ የያዘ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ዓይን ምን እንደሚመስል ፊልሙ በዚህ ያሳያል። ከ1975 ጀምሮ ያስተማሩት ደግሞ የሃቲ ማክዳንየል ሽልማት በጠፋበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1993 «ሳንኮፋን» ሲያወጡ የሚያከፋፍልላቸው ድርጅት ስላላገኙ በየከተማው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ በዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በጆርጂያ ጎዳና ላይ ከባለቤታቸው ከሺሪኪያና አይና ጋር የከፈቱት የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። እኔ ያንን በር በሳምንት ሁለት ጊዜ አልፈዋለሁ፤ የእርሳቸውን ስም በዚህ ወርቃማ ዓምድ ባለው ሕንፃ ታሪክ ውስጥ ማግኘቴ ያኮራኝ ለዚህ ነው።

ሙዚየሙን ሳመዛዝነው፣ አደረጃጀቱ በሠሪዎቹ ላይ የቆመ መሆኑን መናገር አለብኝ። ክፍሎቹ የተከፋፈሉት በሙያ ነው፤ ጽሑፍ፣ ቀረጻ፣ ድምፅ፣ አልባሳት፣ ሙዚቃ፣ ዳይሬክተር። የሸላሚው አካዳሚ ቤት እንደመሆኑ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሲኒማው ሌላው ግማሽ ግን በጨለማ ውስጥ የተቀመጠው ተመልካች ነው፤ በተለይም በሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ የማያውቀውን ሰው እንደ ራሱ አድርጎ የተቀበለው ተመልካች። አንድ ቀን ከማኒላ፣ ከሌጎስ፣ ከጎንደር የመጡ ተመልካቾች ትዝታ የሚሰማበት ክፍል እዚያ ቢከፈት፣ የአሜሪካ ሲኒማ ከአሜሪካ ውጭ የሠራው ሥራ ይታወቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። እስከዚያው ድረስ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሁሉ፣ በተለይም በአሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ፣ ልጁን ይዞ እንዲሄድ ከልቤ እመክራለሁ። መጀመሪያ ሻርኩን ያሳየው፤ ከዚያ ወደ ሜካፑ ክፍል ይውሰደው፤ እዚያም ልጁ እንዲጠይቅ ጊዜ ይስጠው።

ስንወጣ ርቦን ስለነበር በፌርፋክስ ጎዳና ወደ ደቡብ ተጓዝን። ከሙዚየሙ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ሲሄዱ፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሰፈር ይደረሳል። በየዓይነቱ አዘን ስንበላ ስለ ቪዲዮ ቤቱ ተረኩላት፤ እንጨቱን ጠመንጃ ስለማድረጋችን፣ ሁላችንም አክተር ለመሆን ስለመጣላታችን። የእህቴ ልጅ ካዳመጠችኝ በኋላ «አጎቴ፣ ታዲያ ጠላቱን የሚሆነው ማን ነበር?» አለችኝ።

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከገጠር መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር፣ በአነጋገሩ የምንስቅበት አንድ ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ እርሱ ነበር። ስሙን ጠየቀችኝ። ስሙን ላስታውሰው አልቻልኩም፤ የማስታውሰው ተኩሰን ስንመታው እንዴት አድርጎ ይወድቅልን እንደነበር ነው።